በኢንተርኔት የጨዋታ ከተሞች ጸጥታ እንዴት ይጠበቃል?

ብዙ ሰዎች በአንድነት ሆነው በኮምፒዩተር በሚጫወቱበት ዓለም ውስጥ ከተማ የሚቈረቍሩ አሉ። ከተማው በዓይን የሚታይ እንጂ በእጅ የሚዳሰስ አይደለም፤ ነገር ግን መንገዱ፣ ገበያው፣ ቤተ መጻሕፍቱና የሸንጎ አዳራሹ ሁሉ የሰው ድካም ያለበት ነው። ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ፣ መልካቸውን እንኳ የማይተዋወቁ ወጣቶች ከትምህርትና ከሥራ የተረፋቸውን ጊዜ እየሰጡ ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይደክሙበታል። ከዚያም አንድ ሌሊት፣ ነዋሪዎቹ በተኙበት ሰዓት፣ አንድ ሰው ይገባና ያፈርሰዋል። የሚወስደው ሀብት የለም፤ የሚመልሰው ቂምም የለም፤ የሚፈልገው ነገር ቢኖር በነጋ ጊዜ ባለቤቶቹ ሲያዝኑና ሲቈጡ ማየት ብቻ ነው።

ይህን ሥራ ተጫዋቾቹ «ግሪፊንግ» ይሉታል፤ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ሠሪውን «አዋኪ» ብለን እንጠራዋለን። ነገሩን ያነሣነው የኮምፒዩተር ጨዋታን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። ከጨዋታ ያለፈ ጥያቄ ስላለበት ነው፤ ይኸውም ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ወህኒ ቤት በሌለበት ስፍራ በፈቃዳቸው የተሰበሰቡ ሰዎች የድካማቸውን ፍሬ ከአጥፊ እንዴት ይጠብቃሉ? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ ልዩ ልዩ መልስ ሲሰጥበት ቈይቷል፤ መልሶቹም በሥራ ላይ ውለው ተፈትነዋል። ዛሬ በትምህርት ገበታ፣ ነገ ደግሞ በሹመት ወንበር ተቀምጦ ደንብ ለሚያወጣና ለሚያስፈጽም ወጣት የፈተናውን ውጤት ማወቅ ሳይጠቅመው አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አዋኪው ማን ነው?

በጨዋታ ውስጥ መሸነፍ፣ ወይም በጦርነት ከተማን ማጣት፣ በራሱ በደል አይባልም። ጨዋታው ጦርነትን የፈቀደ እንደ ሆነ ጠላት ሆኖ መምጣት የጨዋታው ሕግ ነው፤ ተሸናፊውም ይህን ዐውቆ ገብቷል። አዋኪ ከተወዳዳሪ የሚለየው በሐሳቡ ነው። ተወዳዳሪ ማሸነፍ ይፈልጋል፤ ሌባ ዕቃውን ይፈልጋል፤ አዋኪ ግን የሚፈልገው የሌላውን ሰው ንዴት ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ባርትል፣ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1978 ከተጀመረው ብዙ ሰዎች ከሚጫወቱበት የጽሑፍ ዓለም ሠሪዎች አንዱ የነበረው፣ በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ክፍል መድቧቸዋል፤ ውጤት የሚሰበስቡ፣ አገር የሚያስሱ፣ ወዳጅነት የሚሹና በሌሎች ላይ ጉልበታቸውን ማሳየት ደስ የሚላቸው። የእኛ አዋኪ ከአራተኛው ክፍል ይመደባል።

የአዋኪውን ነገር አስቸጋሪ የሚያደርጉት ሦስት ምክንያቶች ናቸው። አንደኛው፣ ማፍረስ ከመሥራት ይልቅ የቀለለ መሆኑ ነው፤ ብዙ ሰዎች በወር የሠሩትን አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለተኛው፣ አዋኪው የሚፈራው ኪሣራ የሌለው መሆኑ ነው፤ በከተማው ውስጥ ቤት የለውም፣ ባልንጀራ የለውም፣ የሚጠራበትም ስም እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ ቢባረር ሌላ ስም ይዞ ተመልሶ ይመጣል። ሦስተኛው፣ የተበዳዩ ቍጣ ለአዋኪው ደመወዙ መሆኑ ነው፤ ከተማው በተንጫጫ መጠን እርሱ ደስታው ይጨምራል። እንግዲህ ከዚህ በታች የምንመለከታቸው መፍትሔዎች ሁሉ የሚመዘኑት ከነዚህ ከሦስቱ ምክንያቶች የትኛውን ነቀሉ? ተብሎ ነው።

«ሕዝቡ ራሱን ይጠብቅ»

በመስከረም 1997 በአሜሪካ የተከፈተው «አልቲማ ኦንላይን» የተባለው ጨዋታ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን በአንድ ዓለም አኖረ። ተጫዋቾቹ ቤት መሥራት ይችሉ ስለ ነበረ፣ ቤቶቹ ሲሰባሰቡ መንደር፣ መንደሩም ሲሰፋ የራሱ ሹማምንትና ዘበኞች ያሉት ከተማ ሆነ። የጨዋታው ሠሪዎች በራሳቸው ዋና ዋና ከተሞች ዘበኛ አቁመው ነበር፤ ከነዚያ ከተሞች ውጪ ግን ደግ ሰዎች ተባብረው ክፉዎቹን ይቀጣሉ ብለው ተስፋ አደረጉ። ተስፋው ገና ከመነሻው ተፈተነ። በነሐሴ 1997፣ ጨዋታው በሙከራ ላይ ሳለ፣ የጨዋታው አባት ሪቻርድ ጋሪዮት ራሱ ንጉሥ ሆኖ በሕዝብ ፊት በቆመበት ሰዓት አንድ ተጫዋች በእሳት አቃጥሎ ገደለው። ንጉሡ ያልዳነበት አገር ለገበሬው ምን ዋስትና አለው? የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ አላረፈም።

ሠሪዎቹ ብዙ ዘዴ ሞከሩ። ሰው በገደለ ተጫዋች ላይ የሚቈጠር የወንጀል መዝገብ አቆሙ፤ ስሙ በቀለም እንዲለይ አደረጉ፤ ራሱን ቈርጦ ላመጣ ሰው ሽልማት እንዲሰጥ በሰሌዳ ላይ አስለጠፉ። ነገር ግን የሽልማቱ ሰሌዳ ለነፍሰ ገዳዮቹ የክብር መዝገብ ሆነላቸው፤ ስማቸው ከላይ በተጻፈ ቍጥር እንደ ጀግና መታየታቸውን ወደዱት። ከላይ ያነሣነው ሦስተኛው ምክንያት እዚህ ላይ ጐልቶ ይታያል፤ ቅጣቱ ራሱ ዝና የሚሰጥ ከሆነ ቅጣት መሆኑ ይቀራል። በመጨረሻ በ2000 ዓለሙ ለሁለት ተከፈለ፤ በአንደኛው ዓለም ሰው ሳይፈቅድ መግደል እንዳይቻል ተደረገ፣ በሁለተኛው የቀድሞው ሥርዓት ጸና። አብዛኛው ሰው ሰላም ወዳለበት ተጓዘ። ሰላሙ ግን የተገኘው በተከለከለ እንጂ በተዳኘ አይደለም፤ ከተሞቹ ራሳቸውን ማስተዳደር ስለ ተማሩ ሳይሆን ማሽኑ ስለ ከለከለ ብቻ ነው።

ባለቤቱ ቢለቅስ?

ከዚህ በፊት ሌላ ፈተና ተደርጎ ነበር። በ1990 ፓቬል ከርቲስ የተባለ የኮምፒዩተር ዐዋቂ በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል «ላምዳሙ» የተባለ በጽሑፍ ብቻ የሚታይ ትልቅ ቤት ከፈተ። ነዋሪዎቹ ክፍል እየጨመሩ ያሰፉት ነበር። ጠብ ሲነሣ የሚዳኙት «ዊዛርድ» የሚባሉት የማሽኑ ሹማምንት ነበሩ፤ ክርክሩ ሲበዛባቸው ግን በታኅሣሥ 1992 ከእንግዲህ በኑሮአችሁ ጕዳይ አንገባም፣ እኛ ማሽኑን ብቻ እንጠብቃለን ሲሉ ዐዋጅ አወጡ።

ጥቂት ወራት ሳያልፉ በ1993 አንድ ሰው በአደባባይ ክፍሉ ውስጥ በተሰበሰቡት ላይ ነውር ሠራ፤ በተንኰል በሠራው መሣሪያ የሌሎቹን ስም እየተጠቀመ ያላደረጉትን አስነዋሪ ነገር እንዳደረጉ አስመስሎ በሁሉ ፊት አሳየ። ነዋሪዎቹ ተቈጡ፤ ተሰብስበውም ለረጅም ሰዓት ተከራከሩ። አንዱ ይሰረዝ ይላል፤ ሌላው ያለ ሕግ ቅጣት የለም ይላል፤ ሦስተኛው ነገሩ ቃል ብቻ ነው ይላል። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። በዚያው ቀን አንድ ዊዛርድ በራሱ ሐሳብ የበደለኛውን ስም ሰረዘው። በደለኛው ደግሞ ቈይቶ በሌላ ስም ተመልሶ ገባ። ጋዜጠኛው ጁልያን ዲቤል ታሪኩን በታኅሣሥ 1993 በኒው ዮርክ ጋዜጣ ካወጣ ወዲህ ጕዳዩ የሕግ ዐዋቂዎች መነጋገሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ከርቲስ ከዚያ በኋላ ነዋሪዎቹ አቤቱታ አቅርበው፣ ድምፅ ሰጥተው ሕግ የሚያወጡበትን ሥርዓት አቆመ። ሐሳቡ መልካም ነበረ፤ ሕጉን የሚያስፈጽም ክንድ ግን ከዊዛርዶቹ በቀር ማንም አልነበረውም። በ1996 ዊዛርዶቹ ከኑሮው ጕዳይ መራቅ እንዳልተቻላቸው ገልጸው ተመልሰው ገቡ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የማሽኑ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው «ሥልጣን የለኝም» ቢል ሥልጣኑ አይጠፋም፤ ዳኝነት የሌለው ሥልጣን ይሆናል እንጂ። አንድ ዊዛርድ ብቻውን የሰጠው ውሳኔ ለዚህ ምስክር ነው። ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሸንጎው ያልወሰነውን አንድ ሰው ሲወስን የሸንጎው ክብር ይወድቃል።

ሹመት ከነወሰኑ

ስለዚህ በኋላ የመጡት ጨዋታዎች ሥልጣንን ለሕዝቡ ሲሰጡ ወሰን ማበጀት ጀመሩ። በ2003 የተከፈተውና በ2011 የተዘጋው «ስታር ዋርስ ጋላክሲስ» ተጫዋቾቹ ከተማ መሥርተው ከንቲባ በድምፅ እንዲመርጡ ፈቀደ። በዚያ ጨዋታ የሰውን ቤት ማቃጠል አይቻልም ነበር፤ ሁከቱ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ለምሳሌ ቤትን ሆን ብሎ በማይገባ ስፍራ ተክሎ የሌላውን ማጨናነቅ። ስለዚህ ከንቲባው በክልሉ የቤት መሥሪያ ፈቃድ የመስጠት፣ በጥባጩን ከከተማው አገልግሎት የማገድና የከተማ ዘብ የመሾም ሥልጣን ተሰጠው። ይህ ጥሩ ሆኖ ሳለ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ከንቲባው ራሱ አዋኪ የሆነ እንደ ሆነስ? ጠላቱን ሁሉ በጥባጭ እያለ ማገድ ይችላል። መድኃኒቱ ምርጫ ነው፤ ምርጫው እስኪደርስ ግን የታገደው ሰው ቤቱን ትቶ ይሄዳል።

በዚያው በ2003 የተጀመረው «ኤ ቴል ኢን ዘ ዴዘርት» የተባለው፣ ጥንታዊት ግብፅን የሚያሳይ ጨዋታ፣ ለዚህ የሚደነቅ መልስ ሰጥቷል። ነዋሪዎቹ አቤቱታ ጽፈው፣ ፊርማ ሰብስበውና ድምፅ ሰጥተው የጨዋታውን ሕግ ያወጣሉ። ከመካከላቸው ደግሞ ሕዝቡ መርጦ የሚሾመው ባለሥልጣን አለ፤ ይህ ሰው ተጫዋችን ለዘለቄታው ከዓለሙ የማባረር ሥልጣን አለው። ነገር ግን ሊያባርር የሚችለው እስከ 7 ሰው ብቻ ነው። ሰባት! ይህች ትንሽ ቍጥር ብዙ ጥበብ አለባት። ሥልጣኑ የሚያልቅ ስለ ሆነ ሹሙ በንዴት አይጠቀምበትም፤ አንዱን ባወጣ ቍጥር የቀረውን ይቈጥራል፤ ሕዝቡም ይቈጥርበታል። ወሰን የሌለው ሥልጣን የሚያስፈራው በደለኛውን ብቻ አይደለም፤ ወሰን ያለው ሥልጣን ግን ባለቤቱን ጭምር ያሳስበዋል።

መዝገብ፣ መጠገንና እስር

በዘመናችን የጨዋታ ከተማ በብዛት የሚሠራው በ«ማይንክራፍት» ነው። ጨዋታው በ2011 በሙሉ መልኩ ወጣ፤ በ2014 ማይክሮሶፍት ሠሪውን ኩባንያ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2023 ከ300 ሚሊዮን በላይ ቅጂ መሸጡ ተገለጸ። ማንም ሰው የራሱን ሰርቨር ከፍቶ ባልንጀሮቹን መጋበዝ ስለሚችል፣ በየሰርቨሩ የሚወጣው ደንብም ልዩ ልዩ ነው። በ2010 የተከፈተው «ቱቢቱቲ» የተባለው ሰርቨር ሕግ የሚባል ነገር አልተቀበለም፤ አዲስ ሰው የሚገባበት መሐል ስፍራው ፈርሶና ተቈፍሮ ምድረ በዳ ሆኗል፤ ቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው ማንም እንዳያገኘው እጅግ ርቆ ይሸሸጋል። ሕግ በሌለበት ከተማ አይኖርም፤ ያለው መደበቂያ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ሰርቨሮች በቅድሚያ ያበጁት መሣሪያ መዝገብ ነው። ማን መቼ የትኛውን ጡብ እንደ ተከለና እንደ ነቀለ የሚጽፉ ፕሮግራሞች አሉ፤ አስተዳዳሪው መዝገቡን አይቶ የአንድን ሰው ጥፋት ብቻ ለይቶ ወደ ቀድሞው መልክ ይመልሳል። በአገራችን በቀድሞ ዘመን በደለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአካባቢው ሰው ሁሉ ለአውጫጭኝ ይቀመጥ እንደ ነበረ አንባቢያችን ያውቃሉ፤ መዝገብ በሌለበት የጨዋታ ከተማም እንዲሁ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ አዲስ የገባ እንግዳ ሁሉ እንደ አዋኪ ይታያል። መዝገቡ የሚያወጣው አጥፊውን ብቻ አይደለም፤ ንጹሑንም ከጥርጣሬ ያወጣዋል። ጥገናው ደግሞ የአዋኪውን ደመወዝ ያስቀርበታል፤ ሌሊቱን ያፈረሰው ጧት ቆሞ ቢያገኘው፣ የሚቈጣለት ሰውም ቢያጣ፣ ምን ደስታ ያገኛል?

ከ2012 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የቈየው «ሲቭክራፍት» የተባለው ሰርቨር ደግሞ ከዚህ የራቀ ፈተና አደረገ። አስተዳዳሪዎቹ በደልን አንከለክልም፣ አንቀጣምም፤ ነገር ግን ነዋሪው ራሱ የሚጠብቅበትን መሣሪያ እንሰጣለን አሉ። መሣሪያዎቹም ሦስት ነበሩ። አንደኛው፣ ሰው ግድግዳውን በድንጋይ፣ በብረት ወይም በአልማዝ የሚያጠነክርበት ነው፤ በአልማዝ የጸናውን አንድ ጡብ ለመንቀል ከሺህ ጊዜ በላይ መምታት ያስፈልጋል። በዚህ ዘዴ ማፍረስ ከመሥራት የቀለለ መሆኑ ቀረ፤ ይልቁንም አድካሚው ማፍረስ ሆነ። ሁለተኛው፣ በአጠገቡ ያለፈውንና ዕቃ የነካውን ሰው ስም የሚመዘግብ የዘብ ሣጥን ነው። ሦስተኛው እስር ቤት ነው፤ ልዩ ዕንቍ የያዘ ሰው በውጊያ ያሸነፈውን በዕንቍው አስሮ ወደ ሌላ ዓለም ይሰደዋል፤ ዕንቍው ተጠብቆ እስከ ቈየ ድረስ እስረኛው አይመለስም።

በዚህ ሥርዓት ከተሞች በእውነት ቆሙ። ነገር ግን ዕንቍው የሚያውቀው ማን እንዳሸነፈ ነው እንጂ ማን እንደ በደለ አይደለም። ጉልበተኛው አዋኪ ከንቲባውን ራሱን ሊያስረው ይችላል፤ አስሮም ያውቃል። ስለዚህ መሣሪያው ብቻውን አልበቃም፤ እንደ ማውንት ኦገስታ ያሉት ከተሞች ሕጋቸውን በጽሑፍ አውጥተው፣ ተከሳሹን በአደባባይ ችሎት ሰምተው፣ እስራቱ ስንት ቀን እንዲሆን መወሰን አስፈለጋቸው። በርቀት ያሉ ከተሞችም እርስ በርሳቸው ተስማምተው፣ አንዱ የፈለገውን በደለኛ ሌላው ይዞ እንዲያስረክብ ተዋዋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው አዋኪውን ያሰረው ዕንቍው ሳይሆን ስምምነቱ ነበር።

የከተማውን ዐቅም የሚያልፍ ሁከት መኖሩንም መርሳት አይገባም። በኅዳር 2006 «ሰከንድ ላይፍ» በተባለው ዓለም ውስጥ አዋኪዎች ራሱን በራሱ የሚያባዛ የወርቅ ቀለበት ለቀቁ፤ ቀለበቶቹ በዝተው መላውን ሥርዓት አዘገዩት፤ ኩባንያውም ለጊዜው መግቢያውን ዘግቶ ማጽዳት ግድ ሆነበት። ለእንዲህ ያለው ጥፋት የትኛውም ከንቲባና የመንደር ዘብ መልስ የለውም፤ ማሽኑን የያዘው ባለቤት ብቻ ሊመልስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ

አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባወጡት መጽሐፍ፣ የግጦሽ መሬትን፣ የመስኖ ውሃንና ዓሣ ማጥመጃን በጋራ ይዘው ለረጅም ዘመን የቈዩ ሕዝቦችን መርምረው ነበር፤ ለዚህም ሥራቸው በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። ካገኙት ውስጥ፣ ጸንተው የቈዩት ማኅበሮች ጠባቂያቸው ከራሳቸው ወገን ወይም ለራሳቸው ተጠያቂ መሆኑ፣ ቅጣታቸው ከቀላል ተነሥቶ ወደ ከባድ የሚያድግ መሆኑ፣ ክርክርን በአጭር ጊዜና በትንሽ ወጪ የሚፈቱበት ስፍራ ያላቸው መሆኑ፣ የበላዩም መንግሥት ደንብ የማውጣት መብታቸውን የሚያከብርላቸው መሆኑ ይገኛል። ስለ እርሻ የተነገረው ለጨዋታ ከተማ ያለ ማሻሻያ ይስማማል። የእድር አባል የሆነ ሰው ሁሉ ነገሩን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ለቀረ ሰው በመጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ መቀጮ፣ በመጨረሻ መሰረዝ ነው፤ በመጀመሪያ ጥፋት የሚሰርዝ እድር አባል አይተርፈውም፤ ፈጽሞ የማይቀጣ እድርም ለቀብር የሚወጣ ሰው አያገኝም።

እንግዲህ የጨዋታ ከተማን ለሚያስተዳድሩ ወጣቶች ሐሳባችንን በአጭሩ እንናገራለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አዲስ የገባ ሰው የከተማውን ቁልፍ በአንድ ቀን አይቀበል፤ በሥራው ታይቶ ደረጃ በደረጃ ይሰጠው። የሚታመን መዝገብ ይኑር፤ መዝገቡን የሚያይም አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ጥፋት ሲደርስ ከመጮኽ በፊት ይጠገን፤ የአዋኪው ስም በአደባባይ ከፍ አይበል። ተከሳሹ ሳይሰማ አይቀጣ፤ ቅጣቱ ጊዜ ይኑረው፤ የዘላለም መባረር በቍጥር የተወሰነና በመጨረሻ የሚመጣ ይሁን። በደሉ በአንድ ግለሰብ ክብር ላይ የተሠራ ነውር ወይም ማስፈራራት የሆነ እንደ ሆነ ግን ተበዳዩ ሸንጎ እስኪሰበሰብ አይጠብቅ፤ ባለቤቱ ወዲያው አጥፊውን አግዶ ምርመራው ይከተል።

ይህን ሁሉ «ጨዋታ ነው» ብሎ የሚንቅ አንባቢ ቢኖር አንድ ነገር እናስታውሰው። ብዙ ወጣት ሥልጣን ምን እንደ ሆነ፣ ሕግ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ያለ ፍርድ መቀጣት እንዴት እንደሚያም በመጀመሪያ የሚያውቀው ዛሬ በዚህ ስፍራ ነው። በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከተማ እንዲጠብቅ ተሹሞ፣ የጠላውን ሁሉ አዋኪ እያለ ማባረርን የለመደ ልጅ ይህን ልማዱን ይዞ ያድጋል፤ ተከሳሹን ሰምቶ፣ መዝገቡን አይቶ፣ ቅጣቱን መዝኖ መወሰንን የለመደውም እንዲሁ። አዋኪው የሚያፈርሰው ግድግዳ በአንድ ቀን ይሠራል። ከተማው አዋኪውን ሲቀጣ ፍርዱን ያፈረሰ እንደ ሆነ ግን ያን የሚጠግን ፕሮግራም እስካሁን አልተሠራም።